የቮልሴን ቺንጋ ስቀይር፦ ሮንዴላ እየቆጠርኩ የያዝኩት ማስታወሻ

ሰኞ ማታ

ዛሬ ጠዋት ሞተር ሳስነሳ ከኋላ ጩኸት ሰማሁ። ሹል ነው፣ ጆሮ ይበሳል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆየና ጠፋ። ማታ ስመለስ ደግሞ የፊት መብራት እንዳበራሁ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ቀይዋ የዲናሞ መብራት ደብዘዝ ብላ መጣች። ቤንዚን ስሰጣት ጠፋች። ስለቃት ተመልሳ መጣች። ከዚህ በፊት እንዲህ አታደርግም ነበር። ጩኸቱና ቀይዋ መብራት አንድ ላይ ሲመጡ የሚያሳብቁት አንድ ነገር ነው፤ ቺንጋው፣ ማለትም ሞተሩ ዲናሞውን የሚያዞርበት የላስቲክ ቀበቶ፣ እየተንሸራተተ ነው።

መኪናዋ ቮልስዋገን ቢትል ነች፤ ቮልስ የምንላት። እ.ኤ.አ. የ1968 ስሪት ነች፣ ባለ 1500 ሞተር፣ ባለ 12 ቮልት፤ ሞተሯ ያለው ከኋላ ነው። ባትሪዋን የሚሞላው ዲናሞም የድሮው ዓይነት ነው፤ ወደ አዲሱ አልተርኔተር አልተቀየረም።

በሌላ መኪና ቢሆን ቺንጋ ጮኸ ብዬ ሳምንቱን እጨርስበት ነበር። ቮልስ ላይ ግን አይቻልም። ይህ ሞተር ውሃ የለውም። ራዲያተር የለውም፣ የውሃ ፖምፓም የለውም። ሙቀቱን የሚወስድለት አየር ብቻ ነው። አየሩን የሚገፋው ማራገቢያ ደግሞ የተገጠመው ዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። በአንዱ ጫፍ ማራገቢያው፣ በሌላው ጫፍ ቺንጋው የሚጠመጠምበት ጎማ መሳይ ብረት፣ ፑሌጃው። አንዷ ቺንጋ ከኮሎው፣ ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ፑሌጃ ተነስታ ወደ ላይ ትሄድና ሁለቱንም አንድ ላይ ታዞራለች። የዘይት ማቀዝቀዣውም የቆመው እዚያው ማራገቢያው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቺንጋው ሲበጠስ ሲሊንደሮቹ አየር ያጣሉ፣ ዘይቱ መቀዝቀዙን ያቆማል፣ ባትሪው መሞላቱን ያቆማል። ሦስቱም በአንድ ሰከንድ።

ዳሽቦርዱ ላይ የሙቀት መለኪያ የለም። ወሬውን የምታመጣልን ያቺ ቀይ መብራት ብቻ ነች። እየነዱ ሳለ ድንገት ቦግ ካለች ትርጉሙ «ባትሪ አልሞላም» አይደለም። «አሁኑኑ ዳር ያዝና አጥፋኝ» ነው። ቀጣዩ መታጠፊያ ድረስ ልድረስ ያለ ሰው ሞተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ነገ አልነዳትም። ቺንጋውን አያለሁ።

ማክሰኞ

ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ እስኪቀዘቅዝ አደርኩ። የኋላ መቀመጫውን አነሳሁና ከሥሩ ያለውን ባትሪ ኔጋቲቩን ነቀልኩ። እጄን ፑሌጃ መሀል ስከት ማንም ቁልፍ እንዳያዞርብኝ ቁልፉም ኪሴ ነው። ይህን ሳላደርግ እጄን ወደ ቺንጋ አላስጠጋም።

የኋላ ኮፈኑን ስከፍት ቺንጋው ፊት ለፊት ነው። የቮልስ ደስ የሚለኝ ነገር ይህ ነው፤ ምንም ሳይፈታ ሁሉም ነገር ይታያል። ከሁለቱ ፑሌጃዎች መሀል በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ማስመሪያ አስጠግቼ ለካሁ፤ ወደ 30 ሚሊሜትር ገባ። መግባት የሚገባው 15 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እጥፍ ሆኗል ማለት ነው።

ከዚያ በባትሪ መብራት ጎኑን አየሁት። የቺንጋው ሁለት ጎን እንደ አዲስ ጫማ ያብለጨልጫል። ጥሩ ምልክት አይደለም። ይህ ቺንጋ ቅርጹ እንደ ሽብልቅ ነው፤ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ። ኃይል የሚያስተላልፈው በሁለት ጎኖቹ የፑሌጃውን ግድግዳ ነክሶ ነው፤ በሆዱ አይደለም። ጎኑ ሲንሸራተት ይሞቃል፣ ሲሞቅ ላስቲኩ ይደርቅና ይወለወላል፣ ሲወለወል ደግሞ የባሰ ይንሸራተታል። አንዴ ከጀመረው አይመለስም። ገለበጥ አድርጌ ሆዱን ሳየው ስንጥቅጥቅ ብሏል። አንደኛው ስንጥቅ እስከ ክሩ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ጀርባው ላይ የነበረው ጽሑፍ ለቆ ሊጠፋ ደርሷል፤ ግን 9.5 እና 905 የሚሉት ይነበባሉ። የላይኛው ስፋቱ 9.5፣ ርዝመቱ 905 ሚሊሜትር ማለት ነው። ለዲናሞ የሚሆነው ልክ ይህ ነው። አልተርኔተር የተገጠመላቸው ቮልሶች የሚወስዱት ሌላ ነው፤ 11.3 በ912። ሲገዙ መጠንቀቅ ነው።

አሁን ወደ መፍታቱ። ቮልስ ላይ ቺንጋ የሚወጠረው ዲናሞውን ወደ ውጭ እየሳቡ አይደለም። ዲናሞው የሚንቀሳቀስበት ቦታም የለው፤ ማራገቢያው ቤት ላይ ታስሯል። የሚስተካከለው ፑሌጃው ራሱ ነው። የዲናሞው ፑሌጃ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ እንደ ሁለት ሳህን ጀርባ ለጀርባ። በሁለቱ መሀል ስስ ስስ ሮንዴላዎች፣ መሀላቸው ቀዳዳ ያላቸው የብረት ቀለበቶች፣ ይገባሉ። ሮንዴላ ሲጨመር ሳህኖቹ ይራራቃሉ፣ ጉድጓዱ ይሰፋል፣ ቺንጋው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ይረግባል። ሮንዴላ ሲቀነስ ሳህኖቹ ይቀራረባሉ፣ ቺንጋው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወጠራል። ከመሀል የወጣው ሮንዴላ አይጣልም። ከውጭ፣ ፑሌጃውን ዘንጉ ላይ ከሚያስረው ዳዶ ሥር ይቀመጣል። ስለዚህ ጠቅላላ ቁጥሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቦታው ብቻ ነው የሚቀያየረው።

ዳዶው ባለ 21 ነው። ካንዴላ የሚፈታው ቁልፍ ይህንንም ይፈታል። ዳዶውን ሲፈቱ ፑሌጃው አብሮ እንዳይዞር መያዝ አለበት። ወደ ሞተሩ ያለው ግማሽ ጠርዝ ላይ ክፍተት አለ። ካቻቢቴ እዚያ አስገባሁና ዲናሞው ላይ ካለው የላይኛው ብሎን ጋር አስደገፍኩት። ቁልፉን ገፋሁ። አንዴ ቀጭ አለና ተፈታ።

ውጭኛውን ሳህን ሳነሳ ደነገጥኩ። በሁለቱ መሀል አንድም ሮንዴላ የለም። ከውጭ ደግሞ ሦስት ብቻ። ሳህኖቹ ገጥመዋል። ከዚህ ወዲያ ቺንጋውን መወጠር የሚችል ሰው የለም። ባለፈው ጋራዥ ያስገባኋት ጊዜ «ቺንጋውን ወጥረነዋል» ተብዬ ነበር። የወጠሩት ያለችውን የመጨረሻ ሮንዴላ አውጥተው ነው። መሀል ያለው ሮንዴላ ሲያልቅ የሚቀረው መቀየር ነው እንጂ መወጠር አይደለም። ያን ቀን ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ቀን እቀይረው ነበር።

ማክሰኞ ማታ፣ ስልክ

ቮልስ መፍታት ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ መሀል ላይ ምንም ሮንዴላ የለም። ውጭ ሦስት ብቻ ናቸው።»

«ሦስት? ሌላውስ የት ሄደ?»

«እንጃ ጋሼ። እኔ ስከፍተው እንዲህ ነው ያገኘሁት።»

«እንግዲያው አዲሱን ቺንጋ በነዚያ ሦስት እንዳታስር። ሦስቱንም መሀል ብታስገባቸው እንኳ እንደ ክራር ጅማት ይወጠርብሃል። የዲናሞው ዘንግ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ይበላዋል። ወደ አሥር አካባቢ አድርገህ ግዛ። ስትፈታም ስታስርም ቁጠር። ሰምተሃል? ቁጠርና ጻፈው።»

ሰምቻለሁ። ይህን ማስታወሻ ስጀምር የጩኸቱን ነገር ብቻ ልጽፍ ነበር። ከዚህ በኋላ ግን ከእያንዳንዱ ቀን ሥር ቁጥር ይኖራል፤ ውስጥ ስንት፣ ውጭ ስንት።

ውስጥ 0፣ ውጭ 3። ሲጫኑት 30 ሚሊሜትር።

ረቡዕ

ቺንጋና ሮንዴላ ዛሬ አልያዝኩም። ስለዚህ ቀኑ የጽዳትና የምርመራ ሆነ። ቺንጋው የሌለበት ሰዓት ብዙ ነገር የሚታይበት ሰዓት ስለሆነ አልተቆጨሁም።

መጀመሪያ ዲናሞውን በእጄ አዞርኩት። ጆሮዬን አስጠግቼ። ውስጡ ያሉት ካርቦኖች ሲነኩ የሚሰማ ስስ ድምፅ አለ፣ ወረቀት ለወረቀት እንደሚፈገፈግ። እሱ ጤና ነው። የምፈራው ሌላ ድምፅ ነው፤ አሸዋ ያለበት የሚመስል ጉርግርታ። እሱ ከተሰማ ኩሽኔታው ሄዷል። አልተሰማም። ፑሌጃውን ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅኩት፤ አይላወስም። በጣም ደስ አለኝ። ዲናሞ ማውጣት ማለት ማራገቢያውንና የቆርቆሮ ቤቱን ማንሳት ማለት ነው፤ ካርቡራተሩም ይወርዳል። ሌላ ሙሉ ቀን ይበላ ነበር።

የፑሌጃውን ሁለት ግማሾች በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ጠረግኳቸው። ጥቁር የላስቲክ ዱቄት ተጋግሮባቸዋል። ከጥቁሩ ሥር ብረቱ ሲወጣ ሁለት ነገር አየሁ።

አንደኛው፣ ከታች ያለው የኮሎው ፑሌጃ ጉድጓድ ወለል ላይ የሚያበራ መስመር አለ። የጉድጓዱ ግድግዳ ቢያበራ የሚጠበቅ ነው፤ ቺንጋው የሚነክሰው እሱን ነውና። ወለሉ ሲያበራ ግን ቺንጋው ሆዱ ወለሉን እየነካ ነበር ማለት ነው። ጎኑ ተበልቶ ጠቦ፣ እየሰመጠ እየሰመጠ ወርዶ ወለል ደርሷል። ሽብልቅ እንጨቱን የሚይዘው በጎኑ ነው፤ ጫፉ መሬት ከነካ መያዙ ቀረ። ይህም እንደዚያው።

ሁለተኛው፣ የዲናሞው ፑሌጃ ውጭኛው ሳህን ጠርዝ ላይ ጥርስ መሳይ እብጠት አለ። ጣቴን ሳስኬድበት ቆነጠጠኝ። አንድ ሰው አንድ ቀን ቺንጋውን በካቻቢቴ አስገድዶ ለማስገባት ሞክሯል። ይህን ያደረገ ሰው ፑሌጃው እንደሚከፈል አላወቀም፤ ወይም ዳዶውን ለመፍታት ቸኩሏል። ያቺ ጥርስ በእያንዳንዱ ዙር ቺንጋውን ትላጫለች። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ዲናሞው ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ይዞራል፤ ፑሌጃው ከኮሎው ስለሚያንስ። እንግዲህ ስንት ጊዜ እንደምትነክሰው ማሰብ ነው። በደቃቅ ሞረድ ቀስ አድርጌ አወረድኳት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኳት። አሁን ጣቴ ሲያልፍባት አይሰማኝም። ግድግዳውን አልነካሁም። ግድግዳ ሲሞረድ ቅርጹ ይበላሻል፤ ጠርዙን ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኮሎው ፑሌጃ ወረድኩ። ዙሪያው ዘይት ጠጥቷል። ይህ አሳሰበኝ፤ ዘይት የነካው ቺንጋ ይንሸራተታል፣ ላስቲኩም ያብጣል። ከየት መጣ? ይህ ሞተር በፑሌጃው በኩል የላስቲክ ዘይት ማገጃ የለውም። በፋብሪካው አሠራር የፑሌጃው አንገት ላይ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠማዘዘ መስመር ተቆርጧል፤ ሲዞር ሊወጣ የመጣውን ዘይት ወደ ውስጥ መልሶ ይስባል። ብልህ ነገር ነው። ግን ዘይቱ ከመጠን በላይ ከሆነ ወይም የሞተሩ መተንፈሻ ከተደፈነ አይችልም።

የዘይት መለኪያውን አወጣሁ። ከላይኛው መስመር በጣት ያህል አልፏል። ባለፈው ዘይት ስቀይር ትንሽ ቢበዛ አይጎዳም ብዬ ነው ያፈሰስኩት። ይህ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈው ሁሉ መውጫ ይፈልጋል። ያገኘውም መውጫ ቺንጋው አጠገብ ነበር። ትርፉን አፈሰስኩት፤ አሁን ከሁለቱ መስመሮች መሀል ነው። መተንፈሻውንም ፈትቼ በውስጡ ነፋሁበት። አልተደፈነም።

ሌላ ትንሽ ነገር። ማራገቢያው አየር የሚስብበትን ክብ ቀዳዳ በባትሪ መብራት አየሁት። ሁለት ደረቅ ቅጠልና የተበጣጠሰ ስፖንጅ አገኘሁ። በረጅም ፒንሳ አወጣሁ። ቺንጋ አዲስ ሆኖ አየሩ ቢታፈን ለሞተሩ ያው ነው። በተለይ በዚህ ዘመን ስሪት የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ፊት ለፊቱ ቆሞ ይጋራዋል፤ ያ ሲሊንደር ከወንድሞቹ ይበልጥ ይሞቃል። እ.ኤ.አ. በ1971 ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ወደ ኋላ ገፍቶ ለብቻው ቤት ሠራለት። የእኔዋ ከዚያ በፊት ስለተሠራች፣ የምታገኘውን አየር አንዲቷንም ላባክንባት አልፈልግም።

ቅዳሜ ጠዋት

አዲሱ ቺንጋ መጣ። አሥር ሮንዴላም መጣ። የዚህች መኪና ምርት እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ላይ ቆሟል፤ እስከዚያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ያን ያህል መኪና የወሰደው ቺንጋ በቀላሉ አይጠፋም፤ ይህ ዕድላችን ነው። ቺንጋውን አጥፌ ሆዱን አየሁ። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፤ መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት የከረመ ቺንጋ አዲስ እየተባለ ሊሸጥ ይችላል። ይህ ለስላሳ ነው፣ ጎኑ ደብዛዛ ጥቁር ነው፣ ሲታጠፍ አይሰነጠቅም። ከአሮጌው ጎን አስቀመጥኩት። የአሮጌው ጎን ምን ያህል እንደተበላ ያኔ ነው ልብ ያልኩት፤ ጥፍሬን ያህል ጠቧል።

ሮንዴላዎቹን ለካሁ። እያንዳንዱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከአሮጌዎቹ ሦስት አንዱ ጎብጧል፤ ጣልኩት። ሁለቱን መለዋወጫ ሳጥን ውስጥ አኖርኳቸው። የጎበጠ ሮንዴላ መሀል ቢገባ ሳህኖቹ እኩል አይገጥሙም፣ ፑሌጃውም ሲዞር ይዋልላል።

ቺንጋውን መጀመሪያ በኮሎው ፑሌጃ ላይ አዋልኩ፣ ከዚያ ወደ ላይ አምጥቼ በተከፈተው የዲናሞ ፑሌጃ ላይ አስቀመጥኩት። ምንም ኃይል አልጠየቀም። ፑሌጃው ከተከፈለ ቺንጋው በራሱ ይገባል፤ ካቻቢቴ አያስፈልገውም። የዘንጉ ላይ ያለችው ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ብረት ቦታዋ ላይ መሆኗን አየሁ። ፑሌጃው ከዘንጉ ጋር አብሮ እንዲዞር የምታደርገው እሷ ነች። ብትወድቅ ፑሌጃው ብቻውን ይዞራል።

በአምስት ጀመርኩ። አምስት መሀል፣ አምስት ውጭ። ውጭኛው ሳህን፣ ሮንዴላዎቹ፣ ከዚያ ዳዶው። ካቻቢቴውን አሁን ከብሎኑ በሌላኛው ወገን ነው የማስደግፈው፤ ሲታሰር ፑሌጃው የሚገፋው በተቃራኒው ነውና። ቁልፉን አጠበቅኩ። ጠነከረ። አለቀ ልል ነበር።

ግን አላለቀም። ይህን ቦታ ረዘም አድርጌ ልጽፈው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሳህኖቹ ሲቀራረቡ ቺንጋው መሀላቸው ይቆነጠጣል። ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ግን ፑሌጃው ቆሞ ስላለ መውጣት አይችልም። ዳዶው ጠነከረ የሚባለው ሮንዴላዎቹን ስለያዘ ሳይሆን ላስቲኩን ስለጨመቀ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ቺንጋው ዞሮ ወደ ቦታው ይወጣል፣ ዳዶውም ላላ ብሎ ይቀራል። ላላ ያለ ዳዶ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም።

ስለዚህ ማርሹን ባዶ አድርጌ፣ በባለ 30 ቁልፍ የኮሎውን ብሎን ይዤ፣ ሞተሩን በሰዓት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርኩ። ቺንጋው ቀስ እያለ ወደ ጠርዙ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት፤ መጀመሪያ በአንድ በኩል፣ ከዚያ በሌላው። ተመልሼ ዳዶውን ያዝኩ። ግማሽ ዙር ያህል ሄደልኝ! ጠንክሯል ያልኩት ዳዶ። እንደገና አዞርኩ፣ እንደገና አጠበቅኩ። ሦስተኛው ላይ አልንቀሳቀስ አለ። አሁን የያዘው ብረት ለብረት ነው። በመጨረሻ በቶርክ ቁልፍ ወደ 60 ኒውተን ሜትር አጠናከርኩት።

በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። 10 ሚሊሜትር። ጠብቋል።

ትንሽ ቢጠብቅ ምን አለበት የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ይረግባል አይደል? ግን አይሆንም። ቺንጋ ሲጠብቅ የሚጎዳው ራሱ ብቻ አይደለም። ዲናሞውን ወደ ታች ይስበዋል፣ ሸክሙም ኩሽኔታው ላይ ያርፋል። ረቡዕ ዕለት ጤነኛ ነው ብዬ የተደሰትኩበትን ኩሽኔታ ቅዳሜ አላበላሸውም። ፈታሁት። አንድ ሮንዴላ ከውጭ ወደ መሀል ገባ። ስድስት መሀል፣ አራት ውጭ። አሰርኩ፣ አዞርኩ፣ አሰርኩ፣ አዞርኩ። ለካሁ።

15 ሚሊሜትር። አንዲት የግማሽ ሚሊሜትር ሮንዴላ ይህን ያህል ለውጥ ታመጣለች።

አንድ ሌላ ፈተና አለ። ባለ 21 ቁልፉን በዲናሞው ዳዶ ላይ አድርጌ በሰዓት አቅጣጫ ገፋሁ። ቺንጋው ሳይንሸራተት ሞተሩን አብሮ ይዞት ዞረ። አሮጌው ላይ ብሞክረው ፑሌጃው ብቻውን ይዞር ነበር።

ውስጥ 6፣ ውጭ 4። ሲጫኑት 15 ሚሊሜትር።

ቅዳሜ ከሰዓት

ባትሪውን መለስኩ። ኮፈኑን ከፍቼ፣ ጨርቅና ቁልፍ ከአካባቢው ሰብስቤ፣ አስነሳሁ። ጩኸት የለም። ቀይዋ መብራት ሞተሩ እንደተነሳ ጠፋች። የፊት መብራት አበራሁ፤ አልመጣችም። ወደ ኋላ ዞሬ ቺንጋውን ከጎን አየሁት። ሲዞር ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ አይወዛወዝም፣ አይዘልም። ማራገቢያው የሚያሰማው ያ የታወቀ ሹሹታ ከበፊቱ የሞላ ሆኖ ተሰማኝ። ሲንሸራተት የነበረው ቺንጋ ማራገቢያውንም በሙሉ ፍጥነት አያዞረውም ነበር። ስንት ቀን እንዲህ እንደነዳሁ ሳስብ ሞተሩን አዘንኩለት።

አሥር ደቂቃ አስነስቼ አጠፋሁ። ዳዶውን በድጋሚ ሞከርኩ፤ አልሄደም። የኮሎው ፑሌጃ ዙሪያ በነጭ ጨርቅ ጠረግኩ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ተመለሰ።

ቺንጋ እንዳይጮህ ተብሎ የሚነፋ ስፕሬይ አለ፤ ሳሙና የሚቀባም አይቻለሁ። እኔ አልቀባም። የሚጮኽ ቺንጋ ስለ መወጠሩ ወይም ስለ ጎኑ እየነገረን ነው። ድምፁን ማጥፋት ይቻላል፤ መንሸራተቱን ግን አያጠፋውም።

እሑድ

40 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ግማሹ አቀበት ነው። መብራቷ አልመጣችም። ምንም የምጽፈው የለም።

በሳምንቱ፣ ቅዳሜ

ከቅየራው ወዲህ 160 ኪሎ ሜትር። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ለካሁ፤ 20 ሚሊሜትር። ይህ ይጠበቃል። አዲስ ቺንጋ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ሲሠራ ይለጠጣል፣ ጎኑም ለፑሌጃው ግድግዳ ልኩን ይይዛል። ለዚህ ነው ቺንጋ ተቀይሮ ሁለተኛ ጊዜ ያልታየ መኪና ግማሽ ሥራ የሆነው። ጋራዥ ያሠራ ሰውም ቢሆን ከ100 ወይም 200 ኪሎ ሜትር በኋላ ራሱ ኮፈኑን ከፍቶ በአውራ ጣቱ ይጫነው። ቁልፍ አያስፈልገውም፤ ጣት ብቻ።

ፈታሁ። አንድ ሮንዴላ ከመሀል ወጥቶ ውጭ ተቀመጠ። አሰርኩ፣ ሁለት ዙር አዞርኩ፣ አሰርኩ። ይህን ጊዜ ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ለካሁ፤ 14 ነው። ጥሩ ነው።

ለጋሼ ደወልኩ።

«ስንት ቀረህ መሀል?»

«አምስት።»

«ገና አምስት ጊዜ ይወጠርልሃላ። ሁለት ሲቀርህ ሌላ ግዛ። አንድ ሲቀርህ አትጠብቅ።»

ሁለተኛ ቺንጋ ገዝቼ ከፊት ኮፈኑ ሥር ከትርፍ ጎማው ጎን አስቀመጥኩ፤ ፀሐይ እንዳያገኘው፣ ዘይትና ቤንዚን እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልዬ። አጠገቡ ባለ 21 ቁልፍና ወፈር ያለ ካቻቢቴ። መንገድ ላይ ቢበጠስ እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። ግን መጀመሪያ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው፤ የቮልስ ፑሌጃ አካባቢ ያለው ቆርቆሮ ያቃጥላል።

ውስጥ 5፣ ውጭ 5። ሲጫኑት 14 ሚሊሜትር።

ከአንድ ወር በኋላ

ከቅየራው ወዲህ 1,040 ኪሎ ሜትር። ዛሬ የከፈትኩት ለመለካት ብቻ ነው። 15 ሚሊሜትር። አልነካሁትም። ጎኑ አሁንም ደብዛዛ ጥቁር ነው። ወለሉ ላይ ያየሁት የሚያበራ መስመር በስስ አቧራ ተሸፍኗል፤ ቺንጋው አይደርስበትም ማለት ነው። የኮሎው ፑሌጃ ዙሪያ ደረቅ ነው። ዘይቱ ከሁለቱ መስመሮች መሀል።

ከኋላ ኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ከእኔ በኋላ ይህን ኮፈን የሚከፍት ሰው ሮንዴላ ፍለጋ እንዳይቸገር ነው። ላዩ ላይ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ጠቅላላ 10 ሮንዴላ ይላል። ከሥሩ «ውስጥ 6፣ ውጭ 4» የሚለው ተሰርዟል። ከሱ ቀጥሎ «ውስጥ 5፣ ውጭ 5»። የቀረው ቦታ ባዶ ነው፤ አምስት መስመር ይበቃዋል።